ከፍ የተደረገ ላንድክሩዘር፦ ምን ይለካ፣ ምን ይቀየር፣ ምን ይቆይ?

ከኮምቦልቻ የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂው ባለ 1ኤችዜድ ሞተር ላንድክሩዘር 79 ፒክአፕ አላቸው፤ ዕቃ ጭነው በደሴ በኩል ወደ ደላንታ ይመላለሳሉ። መኪናውን በአዲስ የፊት ሞላና በኋላ ባሌስትራ 10 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ አስደርገው፣ 235/85 አር 16 የነበረውን ጎማ በ315/75 አር 16 ቀይረዋል። ከዚያ ወዲህ በሰዓት ከ60 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ሲነዱ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ መሪው እስከ ጥግ ሲዞር የፊት እግሩ ቋ ቋ ይላል፤ የሐረጎን ዳገት በሦስተኛ ማርሽ ይወጣ የነበረው መኪና አሁን ሁለተኛ ይጠይቃል። መካኒካቸው ጠንካራ ፍሪሲዮን፣ አዲስ የፊት ሲቪ ጆይንት (ጎማው በመሪ ተጠምዝዞም ጉልበት የሚያደርስለት መገጣጠሚያ) እና የኋላ ሎከር (የግራና የቀኝ ጎማ እኩል እንዲዞሩ የሚቆልፍ ዕቃ) እንዲገዙ መክሯቸዋል፤ ገንዘቡ ግን ሁሉንም ባንዴ ስለማይችል «ከየትኛው ልጀምር?» ብለው ጠይቀዋል።

መልሴ ከሦስቱ ከአንዱም አይጀምሩ የሚል ነው። የተመከሩት ዕቃዎች ሁሉ ጥንካሬ የሚጨምሩ ናቸው፤ የእርስዎ መኪና ችግር ግን በአብዛኛው የአቀማመጥና የምጣኔ እንጂ የጥንካሬ አይደለም። ሻንሲው ከፍ ሲል ካምቢዮውና ትራንስፈር ኬዙ (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ እግር የሚያከፋፍለው ሳጥን) አብረውት ከፍ ብለዋል፤ አክስሎቹ ከጎማው ጋር ስለሚኖሩ አብረው አልወጡም፤ በመካከላቸው ያለው ፕሮፔለር ሻፍት ደግሞ ፋብሪካው ካሰበለት በላይ አዘቅዝቆ እንዲዞር ተገድዷል። ይህ ሳይስተካከል የሚገባ አዲስ ዕቃ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢሆን፣ አሮጌው ባለቀበት አንግል ላይ ተመልሶ ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ አንግሉ ይለካል፤ ከእርሱ ጋር አብሮ ፍሬኑ ይታያል፤ ቀጥሎ የዲፈረንሻሉ ምጣኔ (ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ሻፍቱ የሚዞረው ብዛት) ይወሰናል፤ ጠንካራ ዕቃ የሚገዛው ከዚህ ሁሉ በኋላ አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ብቻ ነው።

ለመንቀጥቀጡ ገንዘብ የማያስወጣ ምርመራ አለ። የፊት ሞዞዎቹ በእጅ የሚዞር ፍሪ ዊል ሀብ ካላቸው ሁለቱንም ወደሚለቀው (FREE) ቦታ ያዙሩና፣ ትራንስፈር ኬዙን በኋላ እግር ብቻ አድርገው ከኮምቦልቻ ወደ ሐርቡ በሚወስደው መንገድ ላይ ይንዱት። በዚህ ሁኔታ የፊት ፕሮፔለር ሻፍት ስለማይዞር መንቀጥቀጡ ካልጠፋ ምንጩ ከኋላ ነው፤ ከጠፋ ደግሞ ከፊት ነው። ቀጥሎ በ70 ላይ ሆነው ነዳጅ ይስጡ፣ ከዚያም እግርዎን ያንሡ። ነዳጅ ሲሰጡ የሚብስና እግር ሲነሣ ጠባዩን የሚቀይር መንቀጥቀጥ የክሮቸራ (በሻፍቱ ጫፍ ያለው ባለ መስቀል መገጣጠሚያ) አንግል መዛባትን ያመለክታል፤ ነዳጅ ተሰጠም አልተሰጠም ፍጥነትን ብቻ ተከትሎ የሚመጣው ግን የጎማ፣ የቸርኬ ወይም የሻፍት ሚዛን ጉድለት ነው።

እነዚህንም እርስ በርስ መለየት ይቻላል። አዲሱ ጎማዎ ዲያሜትሩ 879 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በሰከንድ 6 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ ሻፍቱ በፋብሪካው 4.11 ምጣኔ በሰከንድ 25 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ አንግሉ የተዛባ ክሮቸራ ደግሞ በእያንዳንዱ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚገፋ በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ያንቀጠቅጣል። መሪንና መቀመጫን ቀስ ብሎ የሚወዘውዝ ነገር ከጎማ ነው፤ ከእግር ሥር እንደ ጉምጉምታ የሚሰማው ግን ከሻፍት ነው። እርስዎ የጻፉት «ወለሉ» የሚለው ቃል ወደ ሻፍቱ እንዳደላ ያደርገኛል፤ ቢሆንም የጎማውን ሚዛን በጎሚስታ ቤት ማስመርመር ርካሽ ስለሆነ ቀድሞ ይደረግ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክሮቸራ በአንግል ላይ ሲዞር የሚቀበለው ፍጥነት እኩል ቢሆንም የሚያስተላልፈው እኩል አይደለም፤ በአንድ ዙር ውስጥ ሁለት ጊዜ ይፈጥናል፣ ሁለት ጊዜ ይዘገያል። በሻፍቱ ሌላ ጫፍ ያለው ሁለተኛው ክሮቸራ ይህንኑ መዛባት በተቃራኒው እየሠራ ያጠፋዋል፤ ይህ የሚሆነው ግን የሁለቱ አንግል እኩል ሲሆንና የሁለቱ ጫፍ ሹካዎች በፋብሪካው አሰላለፍ ሲገጠሙ ነው። ስለዚህ ሻፍቱ ለጥገና በሚፈታበት ጊዜ ሁሉ ተንሸራታቹ ስፕላይን (ሻፍቱ የሚረዝምበትና የሚያጥርበት ባለ ጥርስ መገጣጠሚያ) ከመለያየቱ በፊት በሁለቱም ወገን በቀለም ወይም በቡሊኖ ምልክት ይደረግበት። ለመኪናው ከፍታ የተሰጠው ጥፋት ሁሉ አንድ ጥርስ ዘሎ በተገጠመ ስፕላይን የመጣ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

አንግሉ የሚለካው መኪናው ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ በአራቱም ጎማው ቆሞ፣ በተለመደው ጭነትዎ ግማሽ ያህል ተጭኖበት ነው። በክሪክ ተነሥቶ አክስሉ ተንጠልጥሎ የሚወሰድ ልክ ዋጋ የለውም። ማግኔት ያለው ዲጂታል የአንግል መለኪያ ቢገኝ መልካም ነው፤ ካልሆነ ጠርዙ ቀጥ ያለ የእጅ ስልክም ለመጀመሪያ ምርመራ ይበቃል። ሦስት ቁጥሮች ይፈለጋሉ፦ የትራንስፈር ኬዙ መውጫ ፍላንጅ፣ የሻፍቱ ቱቦና የዲፈረንሻሉ ፒኞን (ሻፍቱ የሚያዞረው ትንሹ ባለ ጥርስ ዘንግ) ፍላንጅ ያላቸው ዝንባሌ። ለምሳሌ የትራንስፈር ኬዙ መውጫ ወደ ኋላ 3 ዲግሪ ያዘቀዝቅ፣ ሻፍቱ 11 ዲግሪ፣ ፒኞኑ ደግሞ 6 ዲግሪ ይሁን እንበል። የፊተኛው ክሮቸራ በ8 ዲግሪ፣ የኋለኛው በ5 ዲግሪ እየሠሩ ነው ማለት ነው። የ3 ዲግሪው ልዩነት መንቀጥቀጡን ይፈጥራል፤ መድኃኒቱም ፒኞኑን 3 ዲግሪ ዝቅ የሚያደርግ ሽብልቅ በባሌስትራውና በአክስሉ መቀመጫ መካከል ማስገባት ነው። የሁለቱ ልዩነት ከ1 ዲግሪ እንዳይበልጥ ይደረጋል። ሽብልቁ የብረት ይሁን፤ የአሉሚኒየሙ በጭነት መኪና ሥር ይሰነጠቃል። ዩ ቦልቶቹም በዚያው አዲስ ይግቡ፣ ከጥቂት ቀን መንዳት በኋላም ዳዶዎቻቸው እንደገና ይጠበቁ።

መካኒኩ ከፍታውን ያመጣው በምን እንደሆነ ይጠይቁት። የባሌስትራው ቅስት ተለውጦ ወይም ቅጠል ተጨምሮበት ከሆነ የፒኞኑ ዝንባሌ ብዙም አይለወጥም፤ የባሌስትራው የኋላ ማንጠልጠያ ረዝሞ ከሆነ ግን አክስሉ ተሽከርክሮ ፒኞኑ ወደ ላይ ቀና ይላል፣ ከላይ በምሳሌ ያሳየሁት ልዩነትም የሚመጣው በአብዛኛው ከዚህ ነው።

ሁለቱ አንግሎች እኩል ሆነውም እያንዳንዳቸው ትልቅ ከሆኑ መንቀጥቀጡ ይቀንሳል እንጂ የክሮቸራው ዕድሜ አይረዝምም። የሻፍት አምራቾች ለረጅም የአስፋልት ጉዞ የሚመክሩት 3 ዲግሪ አካባቢን ነው፤ በሌላ በኩል ፍጹም ቀጥ ያለ ሻፍትም አይወደድም፣ በክሮቸራው ጽዋ ውስጥ ያሉት መርፌ ኩሽኔታዎች እንዲንከባለሉ ቢያንስ ግማሽ ዲግሪ ያህል ያስፈልጋቸዋል። በ10 ሴንቲሜትር ከፍታ 3 ዲግሪን መጠበቅ ዘበት ነው። ስለዚህ ልኩ ከፍተኛ ሆኖ ከተገኘ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፤ አንደኛው ከፍታውን ወደ 5 ሴንቲሜትር መመለስ፣ ሁለተኛው በትራንስፈር ኬዙ በኩል ጥንድ ክሮቸራ ያለው ሻፍት ማሠራት። ሁለተኛውን ከመረጡ ሕጉ ይለወጣል፤ ፒኞኑ ከትራንስፈር ኬዙ ጋር ትይዩ መሆኑ ይቀርና ቀጥታ ወደ ሻፍቱ እንዲያመለክት ይደረጋል። የካምቢዮውን ተሸካሚ በስፔሰር ዝቅ ማድረግ የሚባለውንም ሰምተው ይሆናል፤ የኋላውን አንግል ሲያቃልል ትራንስፈር ኬዙን አዝንብሎ የፊቱን ያዛባል፣ ከሥር ያለውንም ክፍተት ይቀንሳል፤ እኔ አልመክረውም።

ሻፍቱ አጥሮ ስፕላይኑ በጥቂቱ ብቻ ከተያያዘ ቱቦውን ማስረዘም ይገባል። ሥራውን ጎበዝ የቶርኖ ባለሙያ ሊሠራው ይችላል፤ ነገር ግን ከተበየደ በኋላ ሻፍቱ እየዞረ ሚዛኑን በሚለካ ማሽን ላይ መውጣት አለበት። ቅርብ ካላገኙ አዲስ አበባ ድረስ ልኮ ማሠራቱ ያዋጣል፤ በብየዳ ብቻ ተገጥሞ የሚመጣ ሻፍት የትራንስፈር ኬዙን ፓራኦሊዮ (የዘይት ማኅተም) እና ኩሽኔታ ተራ በተራ ይጨርሳል።

ከፊት በኩል ያለው ነገር ትንሽ ይለያል። የ79ኙ የፊት አክስል በሁለት ረጃጅም ክንዶች የተያዘ ስለሆነ ሻንሲው ከፍ ሲል አክስሉ ወደ ፊት ይዞርና የመሪው ካስተር (መሪው በራሱ እንዲመለስ የሚያደርገው ዝንባሌ) ይቀንሳል፤ መሪው ከመዞር በኋላ በራሱ አልመለስ ካለዎት ምክንያቱ ይኸው ነው። ማእከላቸው ፈቀቅ ያለ ቡሾች ካስተሩን ይመልሳሉ፤ አክስሉ ሲመለስ ፒኞኑም አብሮ ስለሚዞር የፊቱ ሻፍት አንግል ከቡሾቹ በኋላ እንደገና ይለካ።

አሁን ወደ ቋ ቋታው። መካኒክዎ የፊት ሲቪ ጆይንቱን ከፍታው እንደገደለው ነግሮዎት ከሆነ አልተስማማሁም። የፊት እግሮቹ ለየብቻ በሚንቀሳቀሱ መኪኖች፣ ለምሳሌ በአዳዲሶቹ ሀይሉክስና ፕራዶ፣ ከፍታ በእርግጥ የሲቪ ጆይንትን አንግል ያሰፋል፣ ዕድሜውንም ያሳጥራል። የእርስዎ ግን ወጥ አክስል ነው፤ ሲቪ ጆይንቱ ያለው በአክስሉ ጫፍ በሚገኘው ክብ ቤት ውስጥ ስለሆነ ሻንሲው ሜትር ቢወጣ እንኳ አንግሉን የሚወስነው የመሪው መዞር ብቻ ነው። የሚገድለው ብዙ ጊዜ ሌላ ነገር ነው፤ ከውስጥ ያለው የአክስል ፓራኦሊዮ ሲያረጅ የዲፈረንሻል ዘይት እየሾለከ ሞሊብዲነም ያለበትን ግሪስ ያቀጥነዋል፣ የውጭው ማኅተም ሲቀደድ ደግሞ ውሃና አሸዋ ይገባል። ክቡ ቤት ሲከፈት ወፍራም ግሪስ ሳይሆን ጥቁር ቀጭን ፈሳሽ ከወጣ ምርመራው አልቋል። ፓራኦሊዮውን፣ ማኅተሞቹንና ግሪሱን ይቀይሩ፤ ጆይንቶቹን ግን ወዲያው ከመጣል ይልቅ የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አቀያይረው ይግጠሙ። ወደ ፊት ሲነዱ ጭነቱ ባልተበላው ጎን ላይ ስለሚያርፍ ድምፁ ብዙ ጊዜ ይጠፋል፣ ለመግዣም ፋታ ያገኛሉ። ሞዞው ሲፈታ ዳዶዎቹን በመሮና በመዶሻ የሚመታ ካለ ያስቁሙት፤ 54 ሚሊሜትር ቡሶላ ውድ አይደለም፣ የኩሽኔታው መጥበቅ በልክ የሚሆነውም በእርሱ ነው።

ፍሬኑን በአጭሩ ልናገር፣ አጭር መሆኑ ግን ቀላል እንዳያስመስለው። ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ፣ ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ በመካከላቸው በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ ያለው ቁልቁለት ሐረጎ ነው። ጎማው በ9 በመቶ ሲተልቅ በአንድ ዓይነት የፔዳል ጉልበት መሬት ላይ የሚደርሰው የፍሬን ኃይል በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ የሞተር ፍሬኑም እንዲሁ። በዚህ ላይ ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ፣ በጭነት ልክ የኋላ ፍሬንን የሚመጥን ቫልቭ በመኪናዎ ላይ ካለ፣ ሻንሲው ከፍ በማለቱ ቫልቩ መኪናውን ባዶ እንደሆነ ይቆጥረውና ጭነት ይዘው እንኳ ለኋላ ፍሬን አነስተኛ ግፊት ይሰጣል። የዘንጉ ማሠሪያ በከፍታው ልክ መነሣት አለበት። ወደ አክስሎቹ የሚወርዱት የፍሬን ጎማ ቱቦዎች አክስሉ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል የሚወጠሩ ከሆነም ይርዘሙ። እነዚህ ሳይደረጉ ጭነው ሐረጎን አይውረዱ።

ወደ ምጣኔው ስንመጣ፣ መኪናው ዳገት ላይ የከበደው ሞተሩ ስለደከመ አይደለም። የቀድሞው 235/85 አር 16 ጎማ ዲያሜትሩ 806 ሚሊሜትር ነበር፤ የአሁኑ 879 ነው። የ4.11 ዲፈረንሻል በአዲሱ ጎማ ላይ እንደ 3.77 ሆኖ ይሠራል፤ ማለትም ሁሉም ማርሽ 9 በመቶ ያህል ረዝሟል። 1ኤችዜድ ቱርቦ የሌለው 4.2 ሊትር ሞተር ሲሆን ሙሉ ጉልበቱ 285 ኒውተን ሜትር በደቂቃ 2,200 ዙር አካባቢ ነው፤ ይህ ግን ባሕር ወለል ላይ የተለካ ነው። በኮምቦልቻ ከፍታ አየሩ በባሕር ወለል ካለው በ17 በመቶ ገደማ፣ በደሴ በ22 በመቶ ገደማ ይሳሳል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር ጉልበትም ከአየሩ ጋር ይወርዳል። በዝቅተኛ ቦታ ትልቅ ጎማ የማይሰማው ሰው እዚህ የሚሰማው ለዚህ ነው፤ የከፍታው ቅናሽና የጎማው ቅናሽ ተደራርበውብናል።

የቀድሞውን ስሜት ለመመለስ 4.11ን በጎማው ዕድገት ብናባዛ 4.48 ይመጣል። ለቶዮታ 9.5 ኢንች የኋላ ዲፈረንሻል ከሚገኙት ምጣኔዎች ለዚህ የሚቀርበው 4.56 ነው፤ ኪሎ ሜትር ቆጣሪዎም ከ2 በመቶ ባነሰ ስሕተት ወደ ልኩ ይመለሳል። አሁን 60 ሲል በእርግጥ የሚሄዱት 65 መሆኑን ልብ ይበሉ። ብዙ ሰው 4.88ን ይወዳል፤ ዳገት ላይ ያስደስታል፣ ነገር ግን ከሐርቡ በታች ባለው ሜዳ ሞተሩን ያስጮኸዋል። በተጨማሪ 4.11 በ37 የኮሮና (ፒኞኑ የሚያዞረው ትልቁ ክብ) ጥርስና በ9 የፒኞን ጥርስ የሚሠራ ሲሆን 4.56ም በ41 እና በ9 ነው፤ 4.88 ግን በ39 እና በ8 ስለሆነ የፒኞኑ አካል ያንሳል። ዘወትር ለሚጭን መኪና 9 ጥርስ ያለውን እመርጣለሁ።

ምጣኔ ሲቀየር የፊቱም የኋላውም አብሮ መቀየሩ ግዴታ ነው። በሁለት የተለያዩ ምጣኔዎች አራቱም እግር ሲገባ ሁለቱ ሻፍቶች እርስ በርስ ይታገላሉ፣ ደካማው ይሰበራል። ስለዚህ ወጪው ድርብ መሆኑን አስልተው አንድ ሌላ አማራጭ ይመዝኑ፤ ጎማዎቹ ገና አዲስ ከሆኑ ሸጠው 285/75 አር 16 ማስገባት። ዲያሜትሩ 834 ሚሊሜትር ስለሆነ ከቀድሞው የሚበልጠው በ3.5 በመቶ ብቻ ነው፣ በ4.11 በደህና ይሄዳል። የሞላው ከፍታ ዲፈረንሻሉን ከድንጋይ አያነሣም፤ የሚያነሣው የጎማው ግማሽ ዕድገት ብቻ ነው፤ እርሱም በአሁኑ ጎማዎ 3.6 ሴንቲሜትር ነው። ለዚች የሁለት ዲፈረንሻል ሥራ መክፈል ለደላንታ ጭነት ያዋጣል ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ቢኖር አያዋጣም እለዋለሁ።

ያም ሆኖ 4.56ን ከወሰኑ ሥራውን የሚሠራው ሰው ሰዓት መሰል መለኪያ (ዲያል ጌጅ) ያለው ይሁን። በኮሮናና ፒኞን መካከል ያለው ክፍተት እንደ ዲፈረንሻሉ ዓይነት በአብዛኛው ከ0.13 እስከ 0.20 ሚሊሜትር ውስጥ ነው፤ በእጅ ነቅንቆ የሚገመት ልክ አይደለም። ኩሽኔታዎቹና የሚጨመቀው የፒኞን ቱቦ አዲስ ይግቡ፣ የጥርሱ ንክኪም በቀለም ታይቶ ይጽደቅ። ከተገጠመ በኋላ የመጀመሪያው ጉዞ ሃያና ሠላሳ ደቂቃ ሆኖ መኪናው ቆሞ ይብረድ፤ እስከ 800 ኪሎ ሜትር ድረስ ከባድ ጭነት አይጫን፣ ከዚያ ዘይቱ ይቀየር። አዲስ ጥርስ የሚቃጠለው በእነዚህ ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ስለሆነ ማለማመጃው ወደ ሐርቡና ከሚሴ ባለው መንገድ ይሁን፤ ጭኖ ሐረጎን መውጣት ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የዲፈረንሻሎቹን መተንፈሻ ቱቦ በዚያው ወደ ላይ ማስረዘምም አይዘንጋ፤ የጋለ ዲፈረንሻል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በፓራኦሊዮው በኩል ውሃ ይስባል።

ፍሪሲዮኑ ገና አላለቀ ይሆናል። በደልዳላ መንገድ በአራተኛ ማርሽ በ40 እየሄዱ ነዳጁን እስከ ወለሉ ይርገጡ፤ የሞተሩ ድምፅ ዘሎ ፍጥነቱ ካልተከተለ ይንሸራተታል፣ አለበለዚያ አይንኩት። ከተንሸራተተም መጀመሪያ ከሞተሩ የኋላ ፓራኦሊዮ ዘይት እንዳልፈሰሰበት ይታይ።

ሎከሩን በተመለከተ መካኒክዎ በአሳቡ ልክ ነው፣ የቸኮለው በጊዜው ነው። በደላንታ መረሬ ላይ በክረምት የኋላ ሎከር ሥራ ይሠራል፤ ነገር ግን ምጣኔ የሚቀይሩ ከሆነ ዲፈረንሻሉ አንዴ ተፈትቶ ሁለቱም አብረው ቢገቡ የእጅ ዋጋውን አንድ ጊዜ ብቻ ይከፍላሉ። የፊት ሎከር አይግዙ፤ መሪው ተጠምዝዞ ሳለ ሙሉ ጉልበቱን በአንድ ሲቪ ጆይንት ላይ ይጭናል። የኋላውን ሎከር ከመግዛትዎ በፊት የኋላው አክስል ከፋብሪካው መንሸራተትን የሚገድብ ዲፈረንሻል እንዳለው ያረጋግጡ፤ ካለው ለእርሱ የተመደበውን ዘይት ይጠይቃል።

ለግዢ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ከወረዱ የሻንሲ ቁጥሩንና ሞተር ክፍል ካለው ሰሌዳ ላይ የአክስል ኮዱን ጽፈው ይያዙ። አሁን ያለው ምጣኔ በእርግጥ 4.11 መሆኑንም በቤትዎ ማየት ይችላሉ፤ መንሸራተትን የሚገድብ ካልሆነ አንዱን የኋላ ጎማ መሬት አስነክተው፣ ሌላውን አንሥተው፣ ካምቢዮው ባዶ ላይ እያለና የፊት ጎማዎቹ ተደግፈው፣ የተነሣውን ጎማ ሁለት ሙሉ ዙር ሲያዞሩ ሻፍቱ ከአራት ዙር ትንሽ ይበልጣል። የፊቱ ዲፈረንሻል ፒኞኑ ከፍ ብሎ የሚገባበት ዓይነት ከሆነ ጥርሱ በተቃራኒ አቅጣጫ የተቆረጠ ስለሆነ የተለመደውን ቢሰጡዎት አይገጥምም። ከመክፈልዎ በፊት በሁለቱም ሳጥን ውስጥ ያለውን የኮሮናና የፒኞን ጥርስ ራስዎ ይቁጠሩ፣ አንዱን በሌላው ያካፍሉ፤ የፊቱና የኋላው ውጤት ካልተመሳሰለ ሁለቱንም እዚያው ይመልሱ።